«አንዱ ወጣልን» ባዩ ደሴ

ደሴ የሞተው ባለፈው የዝናብ ወራት ነው። ለቅሶው ላይ፣ እዚህ እስራኤል ሽቭዓ በምንለው፣ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ስለ እሱ የተባለውን ሁሉ ሰማሁ። አንዱ «አስተዋይ ነበር» አለ። ሌላው «ምክሩ መሬት ጠብ አይልም ነበር» አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢ ከእንግዲህ አይገኝም» ብለው ጺማቸውን ዳበሱ። ይህን ጊዜ ባለቤቱ ትርንጎ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ወደ እኔ አየች። አለቀሰች ብለው ያጽናኗት ነበሩ። እኔ ግን ሳቋን ይዛ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም የያዝኩት ሳቄን ነበር።

ለቅሶ ቤት ክርክር አይገባምና ዝም አልኩ። እዚህ ግን እውነቱን እጽፋለሁ። ደሴ አርቆ አሳቢ አልነበረም። አቅርቦም አያስብም። እኔ ባወቅሁት ዘመን ሁሉ የገመተው ነገር ልክ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ብዙ አዋቂ ሰው አይቻለሁ፣ ራሴን ጨምሮ፤ አንዳቸውንም እንደ እሱ አላስታውሳቸውም።

እኔን ራማት የዲዲም ሰፈር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ለማያውቁኝ ግን ታከለ እባላለሁ። አስተማሪ የሚባል ነገር ሳይኖረኝ የተማርኩ ሰው ነኝ። ዕብራይስጥ ማንበብ የለመድኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወለል አንጣፊ ነበርኩ፤ ኔታንያ ውስጥ እኔ ያነጠፍኩትን ሴራሚክ ያልረገጠ እግር ጥቂት ነው። ጡረታ ስወጣ እኩዮቼ ሞዓዶን፣ ማለት የአረጋውያን ክበብ፣ ገብተው ሻይ ሲያማስሉ እኔ ሲኤንሲ የሚሉትን፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን በራሴ እጅ ሠራሁ። ብረቱን ከአንድ ቦታ፣ ሞተሩን ከሌላ ቦታ ለቃቅሜ፣ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ እያየሁ ገጣጠምኩት። ከሕንጻችን ሥር ባለችው ማሕሳን፣ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሌ ውስጥ ተከልኳት። የልጄ ጓደኛ ኢንጂነር ነው፤ አይቷት «ማን ሠራልህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ደሴ በዚያው ሕንጻ ከላይ ይኖር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከራሱ ላይ የማትወርድ ግራጫ ኮፍያ የነበረችው ሰው ነው። ሊገምት ሲል ኮፍያዋን ከፍ አድርጎ ራሱን ያክና መልሶ ይደፋታል። ያን ጊዜ የሚለውን ሰምቶ ተቃራኒውን ማድረግ ነበር። ጠዋት ወደ ሰማይ አይቶ «ዛሬ ዝናብ የለም» ሲል የሕንጻው ሴቶች ከገመድ ላይ ልብሳቸውን ያነሳሉ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖረው አውቶቡሱን ራሴ ካልመረጥኩ ይልና ሌላ ከተማ፣ ሐዴራ ይገባል። አንድ ጊዜ ከሐዴራ የተመለሰው የማናውቀውን ሰው ለምሳ ይዞ ነው። «ይኸ ሰውዬ መንገድ ጠፍቶት ነው ያመጣሁት» አለ። ሰውዬው ግን የሐዴራ ነዋሪ ነበር።

ከአዲስ አበባ የመጣነው በአንድ አውሮፕላን ነው። ወንበሩ ተነቅሎ ወለል ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ለደሴ ግን መስኮት አጠገብ ደረሰው። ወደ ታች አየና «ዮርዳኖስ! ዮርዳኖስን እየተሻገርን ነው!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሽማግሌዎቹ በግንባራቸው ተደፉ፤ ሕፃናት በድንጋጤ አለቀሱ። ውሃው ግን አላልቅ አለ። እኔ ያን ጊዜም ቀይ ባሕር መሆኑን አውቄያለሁ፤ ዝም ያልኩት እልልታው ደስ ስላለኝ ነው። ከዓመታት በኋላ እውነተኛውን ዮርዳኖስ ለጉብኝት ሲወስዱን ደሴ ዳር ቆሞ ቀጭኗን ወንዝ ለረጅም ጊዜ አያት። «ይቺ ናት?» አለ። «እንኳንም በባሕሩ እልል አልን።»

ስሕተቱ ሲታወቅበት አፍሮ አያውቅም። ይልቅ እጁን በእጁ መትቶ «አንዱ ወጣልን!» ይላል። ለእሱ የተሳሳተ ግምት ማለት ከመንገድ ላይ የተነሳ ድንጋይ ነው፤ የሚቀረው ድንጋይ በአንድ ቀንሷል። እኔ ልክ ካልሆንኩ የማልናገር ሰው ስለሆንኩ ይህ ጠባዩ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን እኔና እሱ በረንዳ ላይ ሆነን «አንዱ ወጣልን» ያላለለትን ግምት ነገረኝ። ወሬውን በጭምጭምታ አውቀው ነበር፤ ከእሱ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም።

አለሙ የሚባሉ ታላቅ ወንድም አሉት። አዲስ አበባ ሆነን ጉዞ ስንጠባበቅ አለሙ ጎንደር የታመመች አክስታቸውን ሊጠይቁ ፈለጉና ደሴን «ልሂድ ወይስ ልቆይ?» ብለው ጠየቁት። ደሴ ኮፍያውን አነሳ። «ሂድ አያ፤ እስከ መስከረም የሚነሳ አውሮፕላን የለም» አለ። አለሙ ሄዱ። እሳቸው ጎንደር ሳይደርሱ ነው አውሮፕላኖቹ የመጡት። ደሴ ዮርዳኖስ ብሎ ሲጮህ ወንድሙ ከባሕሩ ወዲያ ቀርተው ነበር። ብዙ ዓመት ቆይተው መጡ፤ ክፋር ዮና ቤት ተሰጣቸው። ከኔታንያ ክፋር ዮና ቅርብ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ የጀመርከውን ሳንድዊች ሳትጨርስ ትደርሳለህ። አለሙ ግን ለወንድማቸው አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። ሠርግ ላይ ቢገናኙ ከማዶ ይቀመጣሉ።

«ከዚያ ወዲያ መገመት አልፈራህም?» አልኩት።

«ፈራሁ እንጂ። ትንሽ ጊዜ አፌን ዘጋሁ» አለ። «ዝም ስል ግን ያችው አንዲት ነገር ብቻ ውስጤ ትመላለሳለች። ሌላ ሌላውን ስቀባጥር ትንሽ ዞር ትልልኛለች።»

ሽማግሌ ተልኮ ያውቃል፤ ኬሶችም፣ የሃይማኖት አባቶቻችን፣ ሄደዋል። የመጨረሻዎቹ ሽማግሌዎች ሲመለሱ ፊታቸው ተቋጥሮ ነበር። አለሙ «ለሱ የምነግረው የለኝም። ገበጣ ከሆነ እጫወታለሁ» ብለዋቸዋል። ሽማግሌዎቹ ተቀለደብን ብለው ተቀየሙ። ደሴ ግን ከወንበሩ ተነሳ።

«እጫወታለሁ አለ? ‹እጫወታለሁ› የሚለውን ቃል ከአፉ ሰማችሁ?»

«ሰውዬ፣ ሲያላግጥ ነው እኮ» አሉት።

«የለም! አያ አለሙ በገበጣ አይቀልድም!»

በማግስቱ ጠዋት ማሕሳኔ በር ላይ ቆመ። ልጆች ሳሉ መሬት ቆፍረው ሲጫወቱ አለሙ ሁልጊዜ «የኔን ጉድጓድ ጎድጓዳ አላደረግከውም፤ ታታልለኛለህ» ብለው ይነሱ እንደነበር ነገረኝ። ጨዋታ ተጨርሶ አያውቅም ነበር። «አሁንም ሰበብ ነው የሚፈልገው» አለ። «አንዱ ጉድጓድ ከሌላው ቢለይ ብድግ ብሎ ይሄዳል፤ ደግሞ አይመጣም። እኔም ደግሞ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም። ከሱቅ የሚሸጠውን አየሁት፤ አንዱ ጠባብ አንዱ ሰፊ ነው። አንተ ታከለ፣ ያንተ መኪና እኩል አድርጋ ትቆፍራለች ወይ?»

«አያ ደሴ» አልኩት፣ «ፀጉር ታህል ልዩነት ብታገኝ ጺሜን ላጨው።»

እንዲህ ያልኩት ትርንጎም፣ ከላይ ያለችው ሩሲያዊት ጎረቤታችንም እየሰሙ ነው። ደሴ ደግሞ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ለአለሙ ልጅ ደወለላት። ከሱኮት በዓል በኋላ አባቷን ይዛ እንድትመጣ ተቀጣጠሩ።

ጥሩ ጠንካራ ጣውላ አመጣሁ። ጫፉ ክብ የሆነ መቁረጫ ጥርስ ሞተሩ ላይ አሰርኩ። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ እንድትቆፍር አዘዝኳትና እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ስትጨርስ ብናኙን ጠረግነው። ደሴ በጣቱ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰ።

«ታከለ፣ ምላጭ አምጣ» አለኝ።

በቀኝ ጫፍ ያለው ጉድጓድ እንቁላል ያስቀምጣል። ወደ ግራ በሄድክ ቁጥር እያነሰ ሄዶ የመጨረሻው ምስር እንኳ በቅጡ አይዝም።

እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁም። ደሴ ኮፍያውን አነሳ፤ ራሱን አከከ።

«የእንጨቱ ነገር ነው። የዛፉ ሥር በኩል ያለው ጠንካራ ነው፤ ጫፉ ለስላሳ ነው። ለስላሳው በኩል ብዙ በላች፤ በቃ።»

«ወዲያ! ጥርሷ ብረት የሚቀድ ነው፤ ሥርና ጫፍ ምኗ ነው?» አልኩት። ቢሆንም ከዚያው እንጨት ሌላ ጣውላ ቆርጠን፣ የቀኙን ጫፍ ወደ ግራ ገልብጠን አሰርንና አስቆፈርናት። አሁንም ጥልቁ በቀኝ ነው። እንጨቱ ንጹሕ ነው ማለት ነው።

«አንዱ ወጣልን!» አለ ደሴ እጁን መትቶ። «እንግዲያው ደክሟት ነው። በሬም እኮ ጠዋት ያረሰውንና ማታ ያረሰውን ብታየው አንድ አይደለም። በቀኝ ትጀምራለች፤ ግራ ስትደርስ ትዝላለች።»

«ማሽን አይደክምም!»

«አንተ አልደከምክም?»

ከግራ እንድትጀምር አዘዝኳት። ጥልቁ በቀኝ። ጥርሱም ንጹሕ ነው። «ሁለተኛውም ወጣልን!» አለ፤ የሚያበሽቀው ከእኔ ይልቅ እሱ ደስ ማለቱ ነው። ቀጥሎ የሩሲያዊቷ ልብስ ማጠቢያ ሕንጻውን እያንቀጠቀጠ ነው አለና ወጥቶ እንድታጠፋ ለመናት። እሷም አጥፍታ፣ ወርዳ፣ እኛ አጠገብ ቆማ አየች። ጥልቁ በቀኝ። ሴትዮዋ በዕብራይስጥ «ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለች። ደሴ «ሰላም» ብሎ መለሰላት። ሰላምታ መስሏት አጸፋውን ሰጥታ ወጣች።

በዚህ ላይ እኔ እያንዳንዱን ብሎን አጠበቅሁ፤ ጣውላውን በአራት ማዕዘን ጠፍሬ አሰርኩ፤ መንኮራኩሮቹን አንድ በአንድ በእጄ ወዘወዝኩ። አንዱም አልላላም። በዓሉ እየቀረበ ነበር። ደሴ መሳቁን አልተወም፤ ትርንጎ ግን ሌሊት እንደማይተኛ ነገረችኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደሴ ወለሉን አየና «እንዴ፣ ይኸ ክፍል ቁልቁለት ነው። ጥርሷ እንደ ውሃ ወደ ቀኝ ትፈሳለች» አለ።

ይህን ጊዜ ተቆጣሁ። በወለል ነገር ለእኔ የሚነግረኝ ሰው አልተወለደም! ማሕሳን ሁሉ ሲታጠብ ውሃው እንዲወርድ ወደ ማፍሰሻው ዘንበል ብሎ ነው የሚነጠፍ። ይህን አውቄ ነው ማሽኗን ስተክል ጠረጴዛዋን ከሥሯ በጣውላ ቁራጭ ደግፌ፣ በውሃ ልክ ለክቼ፣ ቀጥ ያደረግኋት። ውሃ ልኬን አንስቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩለት። በውስጡ ያለችው የአየር አረፋ መካከል ላይ ቀጥ አለች።

«አየህ? የት አለ ቁልቁለቱ?»

«አንዱ ወጣልን» አለ ደሴ፤ ግን ዓይኑ ከአረፋዋ ላይ አልተነሳም። እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጁ ይዞ አያውቅም ነበር። ነጠቀኝና መጫወት ጀመረ። የቀለም ጣሳ ላይ አስቀምጦ አየ። መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ። እኔ ራስ ላይ አስቀመጠና «ጭንቅላትህ ወደ ግራ ዘንበል ይላል፤ ለዚህ ነው የማትሰማኝ» አለ። ከዚያ ማስቀመጫ ሲያጣ ሞተሩን የተሸከመው፣ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋው የማሽኗ ድልድይ ላይ ጣል አደረገው።

አረፋዋ ወደ ግራ ሮጣ ጫፍ ላይ ተለጠፈች።

«አትንካው!» ብዬ ጮህኩ። ደሴ ደንግጦ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ወዲያው ገባኝ። የማሽኗ እግሮች በዘንባላው ወለል ላይ ናቸው፤ ድልድዩም ከወለሉ ጋር ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል። እኔ ጠረጴዛዋን ብቻ ለይቼ ለምድር ቀጥ አድርጌያታለሁ። ጥርሷ በዘንባላው ድልድይ ላይ ትሄዳለች፣ ጣውላው በቀጥታው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል፤ ወደ ቀኝ በሄደች ቁጥር ወደ ታች ትጠልቃለች። ሴራሚክ የሚነጠፈው ለምድር ነው። ማሽን ግን ምድርን አታውቅም፤ የምታውቀው የራሷን ድልድይ ብቻ ነው። ጠረጴዛዋና ድልድይዋ እርስ በርስ ከተስማሙ ገደል ላይ ብትተከል ግድ የላትም። ይህን ስሕተት ሊሠራ የሚችለው ዕድሜውን በውሃ ልክ የኖረ ባለሙያ ብቻ ነው። ውሃ ልክ የማያውቅ ሰው ጠረጴዛዋን እንዳለች ይተዋት ነበርና ምንም አይገጥመውም።

ደሴ ነገሩ ሲገባው «እንግዲያው ወለሉን እናስተካክል!» አለ።

«ወለሉን ተወው። ጠረጴዛዋን ራሷ ታስተካክል።»

የደገፍኩበትን የጣውላ ቁራጭ ሁሉ አውጥቼ ጣልኩ። ከላይ ወፍራም ኤምዲኤፍ፣ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ፣ በብሎን አሰርኩና ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ጥርስ አድርጌ ከዳር እስከ ዳር፣ በስሱ እንድትልገው አዘዝኳት። ድልድዩ በሄደበት ልክ የተላገ ገጽ ከድልድዩ ጋር ሊጣላ አይችልም። ደሴ በሩ ላይ ቆሞ «ወለሉ ድረስ ነው የምትበላው፤ እይ ብዬሃለሁ» ይላል። አልበላችም። ነገር ግን ሲያልቅ ደሴ በመዳፉ ዳበሰና «ትልም ነው፤ ታርሷል» አለ። እውነትም በጣት የሚሰማ ቀጭን ቀጭን መስመር ነበረው። ይህችን እንኳ እኔ ብቻዬን ነኝ ያወቅኋት፦ ሞተሩ ራሱ ትንሽ ዘመም ብሎ ስለቆመ ጥርሷ በአንድ ጠርዟ ትጭር ነበር። የማልት ቢራ ጣሳ በመቀስ ቆርጬ፣ ከሞተሩ ማሰሪያ ሥር አንዲት ስስ ቁራጭ ከተትኩ። ዳግመኛ ስትልገው እንደ መስታወት ሆነ። ደሴ ጉንጩን በመዳፉ አስደግፎ «ወይ ጉድ» አለ።

ገበጣው ተቆፈረ። ጥልቀቱን በመለኪያ አየሁት፤ ከቀኝ እስከ ግራ አንድ ነው። አሸት አሸት አደረግሁት፤ ዘይት ቀባሁት። የሚያምር ነገር ነው፤ የእኔ ስለሆነ አይደለም፤ የእኔም ስለሆነ ነው። ደሴ ጠጠር የሚሆን ነገር ልግዛ ብሎ ገበያ ሄደና የተቆላ ሽምብራ ይዞ መጣ። ደረጃውን ሲወጣ ግማሹን በልቶታል።

«ጠጠር ይበላል እንዴ አንት ሰው?» ብላ ትርንጎ ነጠቀችውና ከማጀት ደረቅ ባቄላ አወጣች።

በቀጠሮው ቀን አለሙ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወደ ደሴ ቤት መጡ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ዓይናቸው የማይሸሽ ሽማግሌ ናቸው። ለትርንጎ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ፤ ለእኔ እጅ ሰጡኝ። ደሴ «አያ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለ። እሳቸው ያልሰሙ መስለው ገበጣው ፊት ተቀመጡ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው እየከተቱ ዳሰሱ፤ አላመኑም። ለትርንጎ «ስኒ አለሽ? ምስርም ስጪኝ» አሏት። በስኒ ምስር እየሰፈሩ አንዱን ጉድጓድ ሞሉ፣ በመዳፋቸው ደልድለው፣ መልሰው ወደ ስኒው ገለበጡ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ከራሳቸው ወገን ጨርሰው ወደ ደሴ ወገን አለፉ። እኔ በሕይወቴ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሥራዬን ሲያይ እንኳ እንዲህ ልቤ አልመታም። ደሴ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይገምት፣ እጃቸውን ይከተላል።

ምስሩ ከስኒው አልጎደለም፤ አልተረፈም። አለሙ ስኒውን ለትርንጎ መለሱላት። ባቄላውን በየጉድጓዱ ማደል ጀመሩ።

ጨዋታው ያለ ቃል ሄደ። አለሙ አንዴ አይተው ያነሳሉ፤ ሲያሳርፉ አንድም አይፈስባቸውም። ደሴ እጁን ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ያወላውላል። የአለሙ ጉድጓዶች እየሞሉ፣ የእሱ እየተራቆቱ ሄዱ። በመጨረሻ አንዱን ዘግኖ ሊያነሳ ሲል አለሙ በትራቸውን መሬት መቱ።

«ቁጠር!»

ትርንጎ ማጀቱ በር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። የአለሙ ልጅ ስልኳን አስቀመጠች።

«ምን አልከኝ አያ?» አለ ደሴ።

«ቁጠር አልኩህ። ከዚያ ካነሳህ ባዶህን ትቀራለህ። ልጅ ሆነህም ሳትቆጥር ነበር የምታነሳው።»

«ብቆጥርም እኮ ይሳሳትብኛል።»

«አውቃለሁ» አሉ አለሙ። «አባታችንም ያውቁ ነበር። ‹ደሴን አትጠይቁ› ይሉን ነበር። ያን ጊዜ፣ አዲስ አበባ፣ እኔ ነኝ መጥቼ የጠየቅሁህ። እያወቅሁህ ነው የጠየቅሁህ።»

ደሴ አጎንብሶ ቀረ። አንዲት ባቄላ ከእጁ ወድቃ ወንበሩ ሥር ገባች። አለሙ በበትራቸው ጫፍ ጎትተው አወጧት፤ አንስተው በመዳፉ አስቀመጡለት።

«በል፣ ተራህ ነው። ከዚህኛው አንሳ።»

አነሳ። ከዚያ በኋላ ጫጫታው ብቻ ነበር። «ያ የኔ ነው!» «ኧረ ወዲያ፣ ዓይንህ ነው ወይስ ቅልህ የፈዘዘው?» «አንተ እኮ ድሮም ሌባ ነህ!» ትርንጎ ምሳ አቀረበች፤ ቀዘቀዘ። ልጅቷ «አባ፣ አውቶቡሱ» አለች፤ አልሰሟትም። አለሙ ባቄላ ወስደው «ላሚቱ ወለደች!» ብለው በጮሁ ቁጥር ደሴ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ተሸንፎ የሚስቅ ሰው እንደ እሱ አላየሁም።

እኔ እንግዲህ ከጠዋት ጀምሮ ጥግ ላይ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ሰው ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ትንሽ ጠጋ አልኩና ጉሮሮዬን ጠራርጌ «አባባ አለሙ፣ ለመሆኑ ጉድጓዶቹ እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

ቀና እንኳ አላሉም።

«የምን ጉድጓድ?» አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። እኔ ግን ደረጃውን እስክወርድ ድረስ ብቻዬን ሳቅሁ። ፀጉር ታህል ተዛንፎ ቢሆን ኖሮ እኮ ያዩት ነበር።